በቤት ግድግዳ ጥግ የሚያድግ በለስ፦ ዛፉንም ግድግዳውንም መጠበቅ

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ቤተ ክርስቲያናችን መርገመ በለስን ታስባለች። ጌታችን ከቢታንያ ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ቅጠል የለበሰች በለስ ከሩቅ አይቶ ፍሬ ሊፈልግባት ቀረበ፤ ከቅጠል በቀር ግን አላገኘባትም። ይህን ንባብ በየዓመቱ የምንሰማ ብዙዎች ነን። በለስን ተክሎ፣ ጠብቆ፣ ፍሬዋን የቀመሰ ግን በአካባቢያችን ጥቂት ነው።

በለስን የሚያውቅ አትክልተኛ ንባቡን ሲሰማ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውላል። ብዙዎቹ የበለስ ዝርያዎች በዓመት ውስጥ በሁለት ዓይነት እንጨት ላይ ያፈራሉ። የመጀመሪያው ፍሬ ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ከቅጠሉ ጋር አብሮ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ብቅ ይላል። ሁለተኛውና የሚበዛው በዚያው ዓመት በሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ በየቅጠሉ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ቅጠሏን ዘርግታ የቆመች በለስ ለተመልካች ፍሬ እንዳላት ትናገራለች። የቃሉን ምሥጢር ለመጻሕፍት መምህራን እንተወውና ይህን የተፈጥሮ ጠባይ ግን እንያዘው፤ ስለ መግረዝ ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ይህ ጽሑፍ በየጁቤና በዙሪያዋ፣ ከዚያም አልፎ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባለው ወይና ደጋና ደጋ ለሚኖሩ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ጥግ አንድ የበለስ ዛፍ ለማሳደግ ለሚያስቡ ምእመናን የተዘጋጀ ነው። ፍሬው ለጾም ማዕድ ይስማማል፤ አሰርና ካልሲየም አለው፤ በበጋው ፀሐይ በሚገባ ከደረቀም ይቀመጣል። ዛፉ ከቤቱ ሲጠጋ ከብት አይደርስበትም፤ ውኃ ለማጠጣትም ይቀርባል። ነገር ግን አብዛኛው ቤታችን የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ በጭድና በጭቃ የተመረገ ነው፤ ቤተሰቡም ከእርሱ የሚበልጥ ሀብት የለውም። ዛፉ ከግድግዳው ሙቀት ይፈልጋል፣ ግድግዳው ደግሞ ከዛፉ እርጥበት መራቅ ይፈልጋል። የአትክልተኛው ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

በለስ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። በትግራይና በከፊል ወሎ በለስ ሲባል የሚታሰበው እሾሃማው ቁልቋል ነው፤ እርሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ ከዚህኛው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ተክል ነው። በልማድ ዕፀ በለስ የምንለውም ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንናገርለት በለስ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ሰፊና የተከፋፈለ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ፍሬው ለስላሳና በውስጡ ጥቃቅን ፍሬዎች የሞሉበት ዛፍ ነው። የሰው ልጅ ካለማቸው ተክሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዮርዳኖስ ሸለቆ ጌልገላ ከሚባል ሥፍራ 11,400 ዓመት ገደማ የሆናቸው የከሰሉ የበለስ ፍሬዎች ተገኝተዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያወጡ ተመራማሪዎችም ሰው በቁራጭ እየተከለ ያባዛቸው መሆናቸውን ደምድመዋል።

ዘመዶቹን ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዋርካ፣ ሾላ፣ ባምባና ጭብሃ ከበለስ ጋር አንድ ወገን ናቸው። ነቢዩ አሞጽ ፍሬውን ይለቅም የነበረው ዛፍም ከዚሁ ወገን ነው። የሁሉም አበባ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ያብባል፤ እያንዳንዱም ዘሩን የምታዳቅልለት የራሱ የሆነች ደቃቅ ተርብ አለችው። የሾላው ተርብ ለሾላው እንጂ ለበለሱ አታገለግልም። ይህ ለተካዩ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ አንዳንድ የበለስ ዝርያዎች ያለ ተርባቸው ፍሬያቸውን ሳያበስሉ ያረግፋሉና። ችግኝ ሲፈለግ ስሙን ብቻ ሰምቶ መግዛት አይገባም። ፍሬ ሲያበስል በዓይን ከታየ ዛፍ ላይ ቁራጭ መውሰድ ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው።

የዚህ ወገን ዛፎች ከግንብ ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ለጥምቀት ጎንደር ሲሄድ ከአፄ ፋሲል መዋኛ አጥር ፊት ይቁም። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት ንጉሥ ስም በሚጠራው በዚያ ሥፍራ ከዋርካ ወገን የሆኑ ዛፎች ሥራቸውን እንደ ቀለጠ ሰም በድንጋዩ ላይ አፍስሰው፣ በየስንጥቁ ገብተው፣ ግንቡን አቅፈው ይታያሉ። ለጎብኚ ውብ ነው፤ ለግንበኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥሩ ድንጋዩን ከቦታው አንቀሳቅሶ መልሶ ራሱ ደግፎታል፤ ዛፉን መንቀል ግንቡን መናድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው ወፍ በጣለችው አንዲት ዘር ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በደጀ ሰላም ጣሪያ ሥር ወይም በቤት መሠረት ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ የዋርካ ወይም የጭብሃ ቡቃያ ቢታይ ጣት በማይሞላበት ጊዜ፣ ክረምት አፈሩን ባለሰለሰበት ወር፣ ከነሥሩ መነቀል አለበት። ከላይ ብቻ ቢቆረጥ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ድንጋዩን ከያዘ በኋላ ግን የሚያውቅ ግንበኛ ሳይጠየቅ አይነካ።

በለስ እንደ ዋርካ ጨካኝ አይደለም። ጤናማ ግድግዳ ሰብሮ አይገባም። ሥሩ ግን ጥልቀት ሳይሻ በሰፊው ይዘረጋል፤ ውኃ ያለበትን ሁሉ ይከተላል፤ ክፍተት ካገኘም ይጠቀምበታል።

ከዚህ የሚከፋው አደጋ ከአፈሩ የሚመጣው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ሥፍራ ያለው ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ አፈር ላይ የቆመ ቤት በየዓመቱ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በበር ጉበንና በመስኮት ማእዘን የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። አሁን ከመሠረቱ አጠገብ ጥማተኛ ዛፍ ቢጨመር፣ በበጋው ከአንዱ ጥግ ሥር ውኃውን ስቦ አፈሩን ከሌላው ጥግ ይልቅ ያኮማትረዋል። መሠረቱ ወደዚያ ጥግ ይወርዳል። ባለቤቱ ግድግዳው ለምን እንደ ተሰነጠቀ ሳይገባው በየዓመቱ ይመርገዋል። ይህን ማስቀረት የሚቻለው ከመትከል በፊት ነው፤ በኋላ አይደለም። በዋልካ ላይ ለተሠራ ቤት ዛፉ ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። በቀይ ወይም ጠጠር ባለበት አፈር ላይ 1 ሜትር ይበቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን ከግድግዳ አጠገብ ይተከላል? መልሱ ብርድ ነው። ከየጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ በለስ ግድግዳ አያስፈልገውም፤ ሜዳ ላይ ቢተከል ይስማማዋል። በደጋው ግን፣ በተለይ ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጋን ቁጥር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለጋውን ቅርንጫፍ ይለበልባል። ቀን ፀሐይ የጠጣ ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልሳል። ወፍራም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ በዚህ ከቆርቆሮ አጥር እጅግ ይሻላል።

ከባሕር ማዶ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት በለስን ወደ ደቡብ በሚመለከት ግድግዳ ትከሉ ይላሉ። ምክሩ ለእኛም ይሠራል፤ ምክንያቱ ግን እንደ እነርሱ አይደለም። በእነርሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። የጁቤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። እንግዲህ ደቡባዊው ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኘው ልክ ብርዱ በሚበረታበት ወራት ነው። ሰሜናዊው ግድግዳ በአንጻሩ በታኅሣሥ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ፀሐይ ሲደርሰው ደግሞ ሰማዩ በክረምት ደመና ተሸፍኗል። ከደቡባዊው ግድግዳ የሚመረጥ ቢኖር ወደ ምዕራብ የተጠጋው ጥግ ነው፤ የከሰዓት በኋላ ሙቀት ለሌሊት ይተርፋልና።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ጉድጓዱ ይቆፈራል። ወርዱ፣ ርዝመቱና ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጎኖቹ፣ በተለይ ወደ ቤቱ ያለው ጎን፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ጥብቅ ተደርጎ ይገንባ። ታቹ ግን ውኃ እንዲያሳልፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስብርባሪ ድንጋይ ይነጠፍበት። ይህ ሥሩን ከቤቱ ያርቃል፤ ሌላም ጥቅም አለው። በለስ ሥሩ በጠበበ ጊዜ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ፍሬ ይይዛል። በሰፊ፣ በለማና ፍግ በበዛበት መሬት የተተከለ በለስ ጣሪያ የሚያለብስ ዛፍ ይሆንና ፍሬው ይጠፋል። በወንጌል የምናነበው የወይን አትክልት ጠባቂ ሦስት ዓመት ፍሬ ላጣባት በለስ ዙሪያዋን ልኮትኩትና ፋንድያ ላድርግባት ብሎ አንድ ዓመት ለምኖላታል። የደከመ መሬት ላይ ላለች ዛፍ ትክክለኛ ሕክምና ነው። በጓሮ ግን የሚበዛው ችግር ተቃራኒው ነው፤ የቤት ጥራጊ፣ አመድና የበረት ፍግ ሁሉ በአንድ ዛፍ ሥር ይከመራል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ መግቢያ፣ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ አንድ ቅርጫት ይበቃዋል።

ቁራጩ የሚወሰደው ዛፉ በሚያርፍበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ነው። ውፍረቱ እንደ ጣት፣ ርዝመቱ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቢያንስ አራት ዓይን ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጥና ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን በጥላ ይቆይ። ከዚያ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ ይተከላል። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ሥር አውጥቶ ቅጠል ካበዛ በኋላ ሰኔ ሲገባ ወደ ተዘጋጀው ጉድጓድ ይዛወራል። ፍሬ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መጠበቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ውኃው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በክረምት ከጣሪያው ጠርዝ ብዙ ውኃ ያወርዳል። ዛፉ በዚህ ጠብታ ሥር ከተተከለ ሥሩ ይታፈናል፤ የጭቃው ግድግዳም በሚረጨው ውኃ ከሥሩ ይበላል። አሸንዳ ማድረግ የሚችል ያድርግ፤ ውኃውንም በበርሜል ያጠራቅም። ያልቻለ ደግሞ ከጠብታው መስመር በታች ጠጠር አንጥፎ ውኃውን ከቤቱ በሚያርቅ ቦይ ይምራው፤ ዛፉም ከጠብታው መስመር ውጭ ይሁን። በበጋ በድንጋይ የታጠረው ጉድጓድ ቶሎ ስለሚደርቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ፍሬ በያዘ ጊዜ ሁለት ያስፈልገዋል። ጥቂት በጥቂት በየቀኑ ከማርከፍከፍ አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ ውኃው ይቀነስ፤ ደርቆ የቆየ ዛፍ በድንገት ብዙ ውኃ ሲጠጣ ፍሬው ይሰነጠቃል። እርጥበት ለመጠበቅ በዛፉ ሥር ጭድ መጎዝጎዝ መልካም ነው፤ ግን ጉዝጓዙ ከግድግዳው ጋር መነካካት የለበትም። ለምስጥ ወደ ቤቱ ማገር የተሠራለት ድልድይ ይሆናል።

ቅርንጫፎቹም እንደዚሁ ግድግዳውን አይንኩ። በነፋስ ሲወዛወዙ ምርጊቱን ይፍቃሉ፤ እርጥብ ቅጠል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲከርም ጭቃው አይደርቅም። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ በራሱ እግር የቆመ የቀርከሃ ርብራብ ይሠራና ቅርንጫፎቹ በእርሱ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ተዘረጉ እጆች ይታሰራሉ። ማሰሪያው ለስላሳ ገመድ ወይም የጨርቅ ቅዳጅ ይሁን፤ ሽቦ እንጨቱ ሲወፍር ሰርስሮ ይገባል። በዛፉና በግድግዳው መካከል ሰው ገብቶ መምረግ መቻል አለበት። ይህን ቸል ያለ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ዛፉን ይቆርጣል፣ ወይ ግድግዳውን ሳይመርግ ይተወዋል።

መግረዝ ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው፤ የበለስ ፍሬ በክረምት ዝናብ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ግን ይኸው ሥራ ነው። በለስ በዝናብ ወቅት ከበሰለ ውኃ ገብቶበት ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ለጋው ቅርንጫፍ ቀደም ብሎ እንዲወጣ፣ ፍሬውም ከሰኔ በፊት እንዲደርስ ይፈለጋል። ፍሬው ብቅ ካለ በኋላ እስኪበስል ሦስት ወይም አራት ወር ይወስዳል። በታኅሣሥ አጋማሽ የተገረዘ ዛፍ በጥርና በየካቲት ቡቃያና ፍሬ ካወጣ በግንቦት ይደርሳል ማለት ነው። ችግሩ የጥር ውርጭ ነው፤ ሜዳ ላይ በዚያ ጊዜ የተገረዘ ዛፍ ለጋውን ይበላበታል። ግድግዳው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ደፍረን ቀድመን እንድንገርዝ ጥቂት ሳምንታት ይሰጠናል። ከፍ ባለውና ውርጭ በሚበዛበት ሥፍራ ግን ግድግዳም ቢኖር እስከ ጥር መጨረሻ መታገሥ ይሻላል።

አገራረዙ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የደረቀው፣ የተሻሸውና ወደ ግድግዳው የዞረው ቅርንጫፍ ይወጣል። ቀጥሎ ካረጁት ወፋፍራም ቅርንጫፎች ከአራት አንዱ ከመነሻው ይቆረጣል። ከቀሩት ከፊሉ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ብቻ ቀርቶለት ይጠራል፤ ከእነዚህ ዓይኖች የዋናው ፍሬ ተሸካሚ ለጋ ይወጣል። ከፊሉ ግን ጫፉ ሳይነካ ይተዋል፤ ቀዳሚው ፍሬ የሚመጣው በአሮጌው እንጨት ጫፍ አካባቢ ነውና። ዛፉን ሁሉ እንደ ባሕር ዛፍ ከሥሩ የሚቆርጥ ሰው ቀዳሚውን ፍሬ ፈጽሞ ያጣል፤ በምትኩ ቅጠል ብቻ ያያል። ለጋው አምስት ወይም ስድስት ቅጠል ካወጣ በኋላ ጫፉን በጣት መቀንጠብ ጉልበቱን ወደ ፍሬው ይመልሳል።

የወተቱን ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። የበለስ ወተት ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፤ ውኃ እስኪቋጥር ያቆስላል፤ ምልክቱም ለሳምንታት ይቆያል። ዓይን ከገባ የከፋ ነው። የሚገርዝ ሰው እጅጌው ረዥም ይሁን፤ ሥራውን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ይጀምር፤ ሲጨርስም ቆዳውን በሳሙና ይታጠብ። ልጆች በቅርንጫፉና በቅጠሉ እንዳይጫወቱ ይከልከሉ።

በክረምት በቅጠሉ ጀርባ ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ ቢታይ ዋግ ነው፤ የስንዴው ዘመድ እንጂ የስንዴው ራሱ ስላልሆነ ለሰብሉ አይፈራም። የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ሰብስቦ ማቃጠልና ነፋስ እንዲያልፍ ቅርንጫፉን ማሳሳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ወፎችን በተመለከተ ከሳሳ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት በፍሬው ላይ ማሰር ድካሙን ይመልሳል።

በለስ ከተቀጠፈ በኋላ እንደ ሙዝ አይበስልም፤ ዛፉ ላይ መድረስ አለበት። የደረሰ ፍሬ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ አንገቱን ይደፋል፤ ሲነካ ይለሰልሳል፤ ቆዳው በቀጭኑ ይሰነጣጠቃል። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ይቀጠፍ። ከእንቡጡ ነጭ ወተት ከወረደ ገና ነው፤ ጓደኞቹ ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩ።